መግቢያው የማያልቅ ሰው

የእህቴን ባል መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «መግቢያ» ነው የሚሉት። አንድ ነገር ሊናገር ሲነሳ መግቢያው አያልቅማ። ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ «ከሁሉ አስቀድሜ»ው፣ «እንደሚታወቀው»ው እየተከታተለ ይመጣል፤ ሰሚው ያዛጋል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይነሳል፤ ዋናው ነገር ጉሮሮው ላይ እንደተቀረቀረ ይቀራል። እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው። እናታችን ስትታመም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ፤ ስትሞት ታላቅ እህቴ ወደ ቤቷ ወሰደችኝና ልጆቿን አሳደግሁላት። ልጆቹ ከእጄ ሲወጡ ጋሼ እሱ በሚመራው የሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል አስቀጠረኝ። የምበላው በእሱ በኩል የመጣ ስለሆነ ልንቀው አይገባኝም ነበር። ግን ናቅሁት። ንቀት ብቻም አይደለም፤ አለቃ ፊት ቆሞ ሲያለሳልስ ስሰማው ጆሮዬን መድፈን ያምረኝ ነበር።

እጥበት ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከበሽተኞቹ ክፍሎች በታች። ሰው አንሶላ ሲባል ነጭ ነገር ይታየዋል። ወደ እኛ የሚወርደው አንሶላ ነጭ አይደለም። በጋሪ ተጠቅጥቆ ይወርዳል፤ ጓንት አድርገን እንፈታዋለን፤ ደም ያለበትን ለብቻ፣ ትውከትና ሰገራ ያለበትን ለብቻ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣውን ለብቻ። አንዳንዴ ከውስጡ መርፌ ይወጣል፣ አንዳንዴ ጥርስ። አንድ ቀን የሰው ጣት መስሎኝ የጮህኩበት ነገር የበሰበሰ ሙዝ ሆኖ ተገኘ። በበረኪና እንዘፈዝፋለን፣ ማሽን ውስጥ እንከታለን፣ እናደርቃለን፣ ከዚያ ወደ መተኮሻው። ይሄ ሥራ ነው፣ ይለመዳል። እኔ የተጸየፍኩት ይህን አይደለም።

የተጸየፍኩት ከወለሉ የሚመጣውን ነው። በክፍሉ መሃል የብረት ወንፊት የተገጠመለት የውሃ መውረጃ አለ። ያጠብንበት ውሃ በእሱ ወርዶ ከወለሉ በታች ወዳለ ጉድጓድ ይገባል። የሆስፒታሉ ሽንት ቤቶች ፍሳሽም እዚያው ጉድጓድ ነው የሚገባው። ጉድጓዱ ከመንገዱ ዝቅ ስለሚል፣ ፍሳሹን ወደ ላይ ገፍቶ ወደ ከተማው ቱቦ የሚያስገባ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ሲደክም ጉድጓዱ ይሞላል፤ ሲሞላ በወንፊቱ በኩል ወደ እኛ ይመለሳል። የወረደው ሁሉ ይወጣል። ፋሻ፣ ጸጉር፣ ጓንት፣ ሌላም ሌላም በቦቲያችን ዙሪያ ይንሳፈፋል። ሽታው ጸጉር ውስጥ ይገባል። ዳቦ ስቆርስ ዳቦው ይሸተኛል። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ብድግ ሲል ለምን ብድግ እንዳለ አውቃለሁ።

ፓምፑ አርጅቶ ነበር። የጥገናው ሰው ደጋግሞ ፈታው፣ ደጋግሞ ገጠመው፣ በመጨረሻ «እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ሙት አስነሺ አይደለሁም፤ ይሄ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» ብሎ መፍቻውን ሰብስቦ ሄደ። አዲስ ፓምፕ የሚገዛው በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ነው። ለሥራ አስኪያጁ የሚነግረው የክፍሉ ኃላፊ ነው። የክፍሉ ኃላፊ መግቢያ ነው። ነገሩ የተቀረቀረው እዚህ ላይ ነው።

ከሁላችንም የባሰባት ተኳሿ ነበረች። መተኮሻው ላይ የምትሠራ ሴት ናት፤ ልብስ በመተኮሻ፣ ሰው በምላሷ ስለምትተኩስ ስሙ ወጣላት። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ ቁስል ነበረባት። ቦቲዋ ተቀዶ ያ ውሃ ገባበትና ቁስሉ መግል ያዘ፣ ሰፋ፣ ዳር ዳሩ ጠቆረ። ሐኪሙ «እርጥበት እንዳይነካሽ» አላት።

«የት ልቁም ታዲያ ዶክተር፣ ጣሪያው ላይ?» አለችው።

እሱም ትከሻውን ነቅንቆ መድኃኒት ጻፈላት። እየቆየ ሽታው የወለሉ ይሁን የእግሯ መለየት አቃተን። «ቢቆርጡት በአንድ ቦቲ እሠራለሁ፤ ለመሥሪያ ቤቱም ቁጠባ ነው» እያለች ትቀልዳለች። እንስቃለን። ግን ዝናቡ እየቀረበ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ ወዲያው እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን። ዝናቡ ከፓምፑ ቀድሞ ከመጣ ያ እግር አይተርፍም። ሥራውን ትታ እንዳትቀመጥ ደግሞ ከእሷ በቀር ልጆቿን የሚያበላ የለም።

ጋሼ እንዲህ ሆኖ አልተወለደም፤ አሳድገውት ነው። አባቱ የአንድ ባለጸጋ ግቢ ዘበኛ ነበሩ። አንድ ጠዋት ጌትየው ቁርስ ላይ ሳሉ ገብተው «ፈረሱ ሞቷል» አሏቸው። በዚያው ቀን ከነልጆቻቸው ከግቢው ተባረሩ፤ ፈረሱን እሳቸው የገደሉት ይመስል። ከዚያ በኋላ አባትየው ለልጃቸው ያወረሱት አንድ ነገር ነው፦ ትልቅ ሰው ፊት ነገር ከዳር እንጂ ከመሃል አይጀመርም። መጀመሪያ ጤናውን ጠይቅ፤ ቀጥሎ ቤተሰቡን፤ ቀጥሎ ደግነቱን አውሳለት፤ ፊቱ ከፈካ ወደ ጉዳይህ ጠጋ በል፤ ካልፈካ አመስግነህ ውጣ። ጋሼ ይህን እንደ ጸሎት ይዞት አደገ። እህቴን ሊጠይቅ የመጣ ቀን እንኳ ስለ ከብት በሽታ፣ ስለ መንገድ ብልሽት፣ ስለ ዘመኑ መክፋት አውርቶ አውርቶ ሲሄድ እናታችን «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው የመጣው?» አለች። «እኔን ነው መሰለኝ» አለቻት እህቴ።

ይሄ ለሳቅ ይሆናል። ለፓምፕ ግን አይሆንም።

ሥራ አስኪያጁ የክፍል ኃላፊዎችን የሚሰበስበው ሰኞ ሰኞ ነው። አንድ ሰኞ እኔም ነበርኩ፤ የታጠበ መጋረጃ ልሰቅል መሰላል ላይ ወጥቼ። መሰላል ላይ የቆመች የእጥበት ሠራተኛ እንደ መጋረጃው ናት፤ ማንም አያያትም። ሥራ አስኪያጁ ጥፍሩን ይቆርጥ ነበር። ቁራጩ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እየተፈናጠረ ይወድቃል፣ ሰዎቹ እንዳላዩ ይሆናሉ። አንዱ ቁራጭ ተፈናጥሮ ሒሳብ ሹሙ ሻይ ውስጥ ገባ። አየሁ። ሒሳብ ሹሙም አየ። ብርጭቆውን ትንሽ አዞረው፣ አለቃውን ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ ጠጣው።

«እጥበት ክፍል፣ በአጭሩ» አለ ሥራ አስኪያጁ ከጥፍሩ ቀና ሳይል።

ጋሼ ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ በእጥበት ክፍሉ ሠራተኞችና በራሴ ስም…»

«በአጭሩ!»

«በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ እንደሚታወቀው ክፍላችን በእርስዎ በሳል አመራር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ የመጣ ሲሆን፣ በተለይ በቅርቡ የተፈቀደልን በረኪና…»

«እሺ።»

«…ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ከወለል በታች ያሉ አንዳንድ ሁኔታዎችም፣ ጊዜው ሲፈቅድ፣ ትኩረት ቢያገኙ…»

«ልብሱ ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው ጌታዬ፣ እጅግ በጣም…»

«በቃ፣ እናመሰግናለን። ወጥ ቤት፣ በአጭሩ።»

ጋሼ ፊቱ በርቶ ተቀመጠ። ስብሰባው አልቆ ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ፓምፑስ?»

«ነገርኩት እኮ።»

«መቼ?»

«‹ከወለል በታች ያሉ ሁኔታዎች› ስል አልሰማሽም? ትልቅ ሰው ነው፣ ፍንጭ ይበቃዋል። ፊት ለፊት ‹ፓምፕ› ብትይው እኮ እንደ ስድብ ነው። ‹አንተ ሥራህን አላየህም› እንደማለት ነው።»

«ተኳሿ እግሯ እየበሰበሰ ነው።»

«እሱንም በሚቀጥለው በጨዋ ደንብ አነሳዋለሁ» አለና ኮቱን አስተካክሎ ወረደ።

በጨዋ ደንብ ያለፈው ሰኞ ስንት እንደሆነ እንጃ። ሥራ አስኪያጁስ የምር አያውቅም ነበር? አፍንጫ የሌለው ሰው የለም። ቢሮው ቀድሞ ከእኛ በላይ ነበር፤ ሽታው ሲበረታ ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛወረ። ለምን እንደተዛወረ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። ዕቃውን ያወጡት ሠራተኞች አፍንጫቸውን ይዘው ነበር፤ እሱም ይዞ ነበር። ግን «አላውቅም» ለማለት ይችላል፤ የነገረው ሰው የለማ። የተነገረው አለቃ ፓምፕ መግዛት አለበት። ያልተነገረው አለቃ ፎቅ መቀየር ይበቃዋል።

ከዚያ ሥልጠና መጣ። አዳራሹ በር ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ፤ «ለበላይ አመራር አጭርና ግልጽ ሪፖርት ስለማቅረብ» ይላል። ጨርቁን የተኮሰችው ተኳሿ ናት፤ በአንድ እግሯ ቆማ። እኔ የጠረጴዛ ልብስ ላነጥፍ ገብቼ ከኋላ ቀረሁ። የከፈተው ሥራ አስኪያጁ ነው። ስለ ማሳጠር ጥቅም ሲናገር ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ፀሐዩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረ፣ ፋርማሲስቱ ተኝቶ ራሱ ደረቱ ላይ ወደቀ። ሲጨርስ አጨበጨቡለት፤ የተኛውም ነቅቶ አጨበጨበ።

አሠልጣኙ ግን ያለው ነገር እውነት ነበር፤ አልክድም። «አለቃችሁ ጊዜ የለውም» አለ። «መጀመሪያ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ቀጥሎ ካልተስተካከለ የሚመጣውን። ቀጥሎ የምትፈልጉትን። ከዚያ ዝም።» ጋሼ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ሁሉንም ጻፈ። መጨረሻ ላይ «አስተያየት ያለው?» ሲባል ተነሳና ስለ ማሳጠር ረጅም ምስጋና አቀረበ። አሠልጣኙ ራሱ ሰዓቱን አየ።

እሑድ ተኳሿ እያነከሰች እህቴ ቤት መጣች። አሠልጣኙ ያለውን ነግሬያት ነበር።

«አለቃ፣ ዛሬ ሳትማር ከዚህ አትወጣም» አለችው።

«ቤቴ ነው እኮ፣ ወዴት እወጣለሁ?»

«እንግዲያው ሳትማር አትበላም።»

እህቴ ሳቀች፤ ስቃም ዝም አላለችም፤ ወንበር ስባ ሥራ አስኪያጅ ሆና ተቀመጠች። እግሯን አጣመረች፣ ጥፍሯን የምትቆርጥ መሰለች።

«እጥበት ክፍል፣ በአጭሩ!» አለች።

ጋሼ ቆመ። ቤቱ ውስጥም ሆኖ ኮቱን ቆለፈ።

«ከሁሉ አስቀድሜ…»

ተኳሿ በፎጣ ጀርባውን ሸነቆጠችው።

«እንዴ! አንቺ ሴትዮ፣ አለቃሽ ነኝ እኮ!»

«ነገ አለቃዬ ነህ። ዛሬ ተማሪዬ ነህ። ድገም!»

«እንደሚታወቀው…»

ሸነቆጠችው። «ምኑ ነው የሚታወቀው? ቢታወቅ እዚህ ምን አመጣኝ? ድገም!»

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ለመሆኑ ጤናዎ…»

«በጤናዬ ምን አገባህ?» አለች እህቴ፤ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ሥራ አስኪያጅ ሆናለች። «ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬህ ስኖር አንድ ቀን ‹ራበኝ› ብለኸኝ አታውቅም። ‹የምሳ ሰዓት ሳይደርስ አይቀርም› ነው የምትለው። ሰው እኮ ዝም ብሎ ይርበዋል!»

እንዲህ ስንል ዋልን። አንዴ «ጉዳዩ» ይላል፣ አንዴ «ሁኔታው»፣ አንዴ «ያ የምናውቀው ነገር»፤ ፓምፕ የሚለው ቃል ከአፉ ላለመውጣት ጥርሱን የያዘ ይመስላል። በኋላ ተኳሿ ፎጣውን ጣለች። ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ፋሻውን ፈታችና እግሯን አነሳችለት። እህቴ አፏን ያዘች። ጋሼ አየው። ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ያየው ነበር እንጂ እንዲህ ቀርቦ አይቶት አያውቅም ነበር። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው፦

«ፓምፑ ሞቷል። ዝናብ ሲመጣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ንጹሕ አንሶላ ላይ ይወጣል። አዲስ ፓምፕ ይገዛልን።»

ዝምም አለ። ላብ አጥምቆታል። እህቴ ሥራ አስኪያጅነቷን ትታ አጨበጨበችለት።

«በቃ!» አለች ተኳሿ ፋሻዋን እየጠቀለለች። «ነገ ልክ ፊቱን እንዳየኸው በለው። እንዳትቆይ። ከቆየህ ሰላምታው ያመልጥሃል፣ ሰላምታው ካመለጠህ አለቀ።»

«ፊቱን እንዳየሁ» አለ ጋሼ እንደ ልጅ።

የት እንደሚያየው፣ ማን ባለበት እንደሚያየው ማንኛችንም አላነሳንም። ስብሰባ ላይ ነዋ፤ ሌላ የት ያየዋል?

ሰኞ ግን ስብሰባ አልነበረም። እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ ለሆስፒታሉ ገንዘብ የሚሰጡ ናቸው። ጠዋት ስንገባ ትእዛዝ ጠበቀን፦ ወለሉ ላይ በረኪና ድፉ፣ ወንፊቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ምንጣፉ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጡ። አደረግን። አንድ ሰው ከላይ ወርዶ ሽቶ ረጨ፤ የሽንት ቤቱ ሽታ የጽጌረዳ ሽንት ቤት ሆነ። ከሥር ጉድጓዱ ሲያገሣ አበባው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ ይህን ሁሉ ያስደርግ እንጂ ልቡ ከእኛ ጋር አልነበረም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር እያመነዠከ ነው።

ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ ከኋላው እንግዶቹ፣ ከእነሱ ኋላ የክፍል ኃላፊዎቹ በሙሉ። አንዲት ሽማግሌ እንግዳ አፍንጫዋ ላይ መሐረብ አድርጋለች። ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘርግቶ ጀመረ፤

«ይህ ደግሞ፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንደሚታወቀው የአንድ ሆስፒታል ንጽሕና የሚለካው በልብሱ ንጽሕና በመሆኑ፣ በተለይ ባለፉት ዓመታት…»

ጋሼ ፊቱን አየ። ተኳሿ ከመተኮሻው ኋላ ሆና ራሷን በኃይል ስትነቀንቅ፣ «አሁን አይደለም» ስትል አየኋት። እሱ አላያትም። አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ፤ ሰላም እንኳ አላለም።

«ፓምፑ ሞቷል» አለ ጮክ ብሎ። «ዝናብ ሲመጣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ንጹሕ አንሶላ ላይ ይወጣል። አዲስ ፓምፕ ይገዛልን።»

ከዚያ እንደተማረው ዝም አለ።

ማሽኖቹ እንኳ ያዳመጡ መሰለኝ። ሽማግሌዋ መሐረቧን አወረደች፣ ምንጣፉን አየች፣ አበባውን አየች። ሥራ አስኪያጁ ላፍታ ፊቱ ባዶ ሆነ። ከዚያ ያ ፊት እንዴት እንደተሞላ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ሐዘን፣ ቀጥሎ አባትነት፤ አንዱን ከአንዱ በላይ እንደሚለብስ ሰው። ወደ ጋሼ ተራመደና እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ወንድሜ» አለው በለሰለሰ ድምፅ። «ይህን የመሰለ ነገር እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

የክፍል ኃላፊዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ፣ ለምን አልነገረውም? እኔ ጋሼን አየሁት። በል ተናገር አልኩ በሆዴ። ስንት ሰኞ ቆመሃል፣ ስንት ሰኞ «ከወለል በታች» ብለሃል፣ ቢሮውን ለምን እንደቀየረ በለው። ጋሼ ግን የተማረው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እነሱ አለቁ። ከዚያ በኋላ የቀረው አባቱ ያስተማሩት ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

«አይዞህ» አለው ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። ወደ እንግዶቹ ዞሮም፣ «ያልተነገረኝን ላውቅ አልችልም፤ የተነገረኝን ግን ዛሬውኑ እፈጽማለሁ» አለ። ሽማግሌዋ ተደሰተች። «ሠራተኛው እንዲህ ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት መልካም ቤት ነው» አለችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳ። ሲወጡ ከምንጣፉ ሥር ውሃው መምጣት ጀምሮ ነበር። ተኳሿ ወንበሯ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ሳቀች ይሁን አለቀሰች አላወቅሁም።

ፓምፑ በዚያው ሳምንት ተገዛ፤ ዝናቡ ሳይገባ ተተከለ። አዲስ፣ ሰማያዊ፣ ድምፅ የሌለው ነው። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ። ሲፈልጉ ይቻላል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጋሼ ተከሰሰ። «ለበላይ ኃላፊ ማስተላለፍ የሚገባውን መረጃ በመደበቅ» ነው የተባለው። የክፍል ኃላፊዎቹ ተራ በተራ ተጠየቁ፤ በሰኞ ስብሰባ ላይ ስለ ፓምፕ ሲናገር ሰምታችኋል? አልሰማንም አሉ። ወጥ ቤቱ አልሰማሁም አለ፣ ፋርማሲስቱ አልሰማሁም አለ፣ ሒሳብ ሹሙም አልሰማሁም አለ። የዋሸ የለም። ይሄ ነው የሚያቅለሸልሸኝ። ውሸታም ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሰውዬው ያን ሁሉ ሰኞ ቆሞ «ፓምፕ» የሚለውን ቃል አላወጣም። ያን የመሰለ ሽታ በየቀኑ የሸተታቸው ሰዎች በጆሯቸው ብቻ መሰከሩ። አፍንጫቸውን የጠየቀው የለም።

ኃላፊነቱን ቀሙትና የኦክስጅን ሲሊንደር የሚቀመጥበት ጓሮ ጠባቂ አደረጉት። በእሱ ቦታ አንድ ወጣት መጣ፤ ሥልጠናው ላይ ከፊት ተቀምጦ የነበረ። ሰኞ «እጥበት ክፍል፣ በአጭሩ» ሲባል ይነሳና «ችግር የለም» ብሎ ይቀመጣል። ሥራ አስኪያጁ በጣም ወደደው፣ «ከእሱ ተማሩ» ብሎ ለሌሎቹ ተናገረ አሉ። ዛሬ መተኮሻው ይነዝራል፤ ሽቦው ተልጦ ወጥቷል። ነገርነው። «አውቃለሁ» አለን። ሰኞ ተነስቶ «ችግር የለም» አለ። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ሻይ እንኳ አይቀዘቅዝም። ተኳሿ አሁን በእግሯ ትቆማለች፤ ቁስሏ ደርቆ ቆዳ እየሞላ ነው። እጇን ግን በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትተኩሰው። «የእኔን እግር በእሱ ወንበር ለወጡት» ትላለች ስለ ጋሼ ሲነሳ፤ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች። ልትጠይቀው ግን ሄዳ አታውቅም። እሱን ማየት ያስጠላታል ወይስ ያሳፍራታል አልጠየቅኋትም።

የምሄደው እኔ ነኝ። እህቴ ምሳ ትልካለች፤ በዕረፍት ሰዓቴ ወደ ጓሮው እወስድለታለሁ። ባለፈው ስደርስ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ኮቱ አሁንም እንደተቆለፈ ነው። ሳህኑን ተቀበለኝ፣ ጤናዬን ጠየቀኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼን ጤና አንድ በአንድ ጠየቀኝ፣ ስለ አየሩ አነሳ፣ ስለ ሲሊንደሮቹ አቀማመጥ አነሳ። የሆነ ነገር ሊለኝ እንደፈለገ ገባኝ። ቆሜ ጠበቅሁ። በልቶ ሊጨርስ ሲል ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ያን ዕለት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያደርግ አየሽ አይደል?»

«አየሁ ጋሼ።»

«‹ወንድሜ› ነው ያለኝ። እንግዶቹ ሁሉ እያዩ።» ትከሻውን በመዳፉ ዳሰስ አደረገው፣ እጁ ያረፈበትን ቦታ። «ከእኛ ቤት እንዲህ የተባለ ሰው የለም። አባቴ ቢያዩ ኖሮ…»

ያው እጅ ነው ከወንበርህ ያወረደህ ልለው ስል ጸጉሩ እንዴት እንደሸበተ አየሁ። ሳህኑን ከጭኑ ላይ አነሳሁ፣ ጉርሻ የምታህል ዳቦ ተርፋበት ነበር፤ ለጓሮው ውሾች ጣልኩና ወደ ምድር ቤቴ ወረድኩ።